እሺ አባባ

ሁለቱ ነጥቦች ተጠጉ፤ ተጠጉና አንድ ሆኑ። ስክሪኑ ቀላ። ቶኩማ ጣቱን ከመናገሪያው ቁልፍ ላይ ሳያነሳ ደርቆ ቀረ።

መምህሯ ሳሚያ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። አጠገቡ የነበረው የውሃ ጠርሙስ ተገለበጠ።

«ተነስ!»

ተነሳ።

«ገደልካቸው። ቀና ብለህ ቁም። የገደለ ሰው አንገቱን አይደፋም፤ የገደለውን ያያል።»

የክፍሉ ደንብ ነው። አውሮፕላን ያጋጨ ተማሪ ተነስቶ ይቆማል። መምህሯ ተቀመጥ እስክትለው ድረስ ማንም ትንፍሽ አይልም። ሌሎቹ ተማሪዎች ዓይናቸውን ጉልበታቸው ላይ ጣሉ። ዕለቱ ልደታ ነበርና የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ የተዘጋውን መስኮት አልፎ ይሰማል።

እውነተኛ ሰው አልሞተም። ነጥቦቹን ያመጣቸው ኮምፒውተር ነው። አብራሪውም ከግድግዳው ማዶ፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ደፍተው የተቀመጡት ጡረተኛው አቶ ተስፋሚካኤል ናቸው። በጉብዝናቸው ዘመን የጦር ጀት አብርረዋል። አሁን ለተማሪዎች መለማመጃ ሲሉ አንዴ የዚህ፣ አንዴ የዚያ አውሮፕላን አብራሪ እየሆኑ በእንግሊዝኛ ይናገራሉ። ተማሪው «አሥራ አራት ሺህ ጫማ ላይ ሁን» ሲላቸው የተባሉትን መልሰው ይደግማሉ። የሥራው ነፍስ እዚያ ላይ ናት። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ሥራው በመናገር አያልቅም፤ የተደገመለትን ያዳምጣል፤ ስሕተት ካለበት እዚያው ቆርጦ ያርማል። ሽማግሌው ደግሞ አንዳንዴ ሆን ብለው ያሳስታሉ። ታዘው ነው።

ዛሬ አሥራ አራት የተባሉትን አሥራ ሦስት ብለው ደገሙ። አሥራ ሦስት ላይ ሌላ አውሮፕላን ነበር።

«አልሰማሁም እንዳትለኝ» አለች ሳሚያ። «ፊትህን አይቼዋለሁ። ሰማህና ዋጥከው።»

«ይቅርታ መምህር።»

«ይቅርታህን ለሟቾቹ ዘመዶች በልልኝ። ለምንድን ነው የማታቋርጣቸው?»

ቶኩማ መልሱን ያውቀዋል፤ ግን አይነገርም። የአቶ ተስፋሚካኤል ድምፅ የሽማግሌ ድምፅ ነው። ቀስ ይላሉ፤ መሐል ላይ ያስላቸዋል። እሱ ባደገበት ቤት ሽማግሌ ሲናገር አፍ አይከፈትም። ቢሳሳት እንኳ እስኪጨርስ ይጠበቃል። ሲጨርስም እሺ ይባላል። ስሕተቱ በሌላ ቀን፣ በሌላ ሰው በኩል ይነገረዋል። ይህ ከወተት ጋር የተጠጣ ነው፤ በአንድ ዓመት ትምህርት አይወጣም።

«እዚህ ወንበር ላይ ሽማግሌ የለም» አለች ሳሚያ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ዝቅ ሲል ነበር የባሰው። «አባትህም ቢሆኑ ከአፋቸው ነጥቀህ ታርማለህ። ከእረፍት በኋላ ፈተናህ ነው። አንዴ ወድቀሃል። ዛሬ ከወደቅህ ሦስተኛ የለም፤ ዕቃህን ይዘህ ትወጣለህ። ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። ሐሳቡ ከጠዋት ጀምሮ ቤቱ ነበር።

እህቱ ደሚቱ አብነት ሰፈር እሱ በተከራየው ክፍል ውስጥ ተደብቃለች። ትናንት በጠራራ ፀሐይ መጣች፤ ሻርፕዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ። ስትገልጠው ግራ ዓይኗ የለም፤ ዕብጠት ውጦታል። የቀኝ እጇን ሁለት ጣቶች ባሏ ነገሪ በር ውስጥ አስገብቶ ዘግቶባቸዋል። ጥፍሮቹ ጠቁረው ነበር። ቶኩማ ሐኪም ቤት እንሂድ ቢላት እምቢ አለች። ደጅ መታየት ፈራች።

«የትም ግቢ፣ ሳገኝሽ በአንድ ብረት ነው ብሎኛል» አለችው። «ይሄን ቤትህን ከአባባ በቀር የሚያውቀው የለም። ማንም እንዳይሰማ። አባባም እንኳ።»

«አባባማ ምን ያደርጉሻል?»

«አባባ ይራራሉ፣ ቶኩ። ለሁሉም ነው የሚራሩት። ለእሱም።»

ለማንም ላይናገር ማለላት።

በእረፍት ሰዓት ተማሪዎች ስልካቸውን ከበሩ አጠገብ ካለው ቅርጫት እያነሱ ወደ መተላለፊያው ወጡ። የቶኩማ ስልክ እጁ ላይ እንዳረፈ ጮኸ። አባባ ጃርሶ ነበሩ።

አባባ ጃርሶ የአባቱ ታላቅ ወንድም ናቸው። የቶኩማና የደሚቱ አባት ሲሞት ሁለቱንም ወስደው አሳደጉ፤ አስተማሩ። ደሚቱን ለነገሪ መርቀው የሰጡትም እሳቸው ናቸው። በሰፈራቸው የተጣላ ሁሉ የሚታረቀው በእሳቸው ደጅ ነው፤ ነገር ሳያበርዱ የዋሉበት ቀን የለም ይባላል።

«ቶኩ፣ ልጄ፣ ደህና አደርክ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አባባ። እርስዎስ?»

«እኔ ምን እሆናለሁ። ደሚቱስ እንዴት አደረች?»

«ደህና ናት፣ አባባ።»

ምላሱን ሊነክስ ደረሰ። እንደሚያውቅ ሰው አድርገው ጠየቁት፤ እሱም እንደሚያውቅ ሰው መለሰ።

«ተመስገን! እንግዲያው አንተ ዘንድ ናት» አሉ። እፎይታቸው በስልኩ ውስጥ ይሰማል። «እኔም ብዬ ነበር። ነገሪ ይኸው ከሌሊት ጀምሮ እግሬ ሥር ነው። ድንጋይ ተሸክሞ ገባ፣ እንደ ጥንቱ። እንባው መሬቱን አራሰው። ቀኑም የእመቤታችን ነው። አሁኑኑ ይዤው እመጣለሁ። እሷም ልቧ ራርቷል፤ አንተም ይሁን ብለሃል፤ በሩን ትከፍትልናለች። እንዲህ አይደል ነገሩ፣ ልጄ?»

ቶኩማ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላለም። ደህና ናት ነው ያለው። እሳቸው አንዷን ቃል ወስደው ቤት ሠሩባት፤ ግድግዳ አቆሙላት፤ በር ከፈቱላት። አይደለም የሚለው ቃል ጉሮሮው ድረስ መጣ። ከስልኩ ማዶ ሽማግሌው ሳል ያዛቸው። ሳሉ እስኪያልፍ ጠበቀ።

«ቶኩማ!» አለች ሳሚያ ከበሩ ላይ። «ወንበሩ እየጠበቀህ ነው። ስልክህን ጣልና ግባ!»

«እሺ አባባ» አለ።

ስልኩን ቅርጫቱ ውስጥ ጣለው። ሲራመድ ለራሱ ነገረው፤ አባባ አብረው ናቸው፤ አባባ ቆመው ማን እጁን ያነሳል? ፈተናው እንዳለቀ እደውልላታለሁ። እግሩ ግን ከብዶት ነበር፤ ልቡ ያላመነውን እግር አይሸከመውም።

ማዳመጫውን ደፋ። ሳሚያ ከኋላው ቆመች፤ የእርሳሷ ጫፍ ወረቀት ሲነካ ይሰማዋል። ስክሪኑ በራ። ከደቡብ አንድ ነጥብ ይመጣል። ከምሥራቅ ሌላ። ከአውሮፕላን ማረፊያው አንድ ተነስቶ እየወጣ ነው። ቶኩማ መናገር ጀመረ። ድምፁ እንደፈራው አልተንቀጠቀጠም። ለአንዱ ከፍታ ሰጠ፤ ለሌላው አቅጣጫ። አቶ ተስፋሚካኤል እየሳሉ ደገሙለት። ትክክል ነበር። ነጥቦቹ ተራርቀው አለፉ፤ ሌሎች መጡ።

ከምሥራቅ የመጣውን አሥራ አራት ሺህ ላይ እንዲቆይ አዘዘው።

«አሥራ ሦስት ሺህ» አሉ ሽማግሌው፣ ረጋ ብለው፣ እንደሚመርቅ ሰው።

ቶኩማ አልጠበቃቸውም። ገና ቃላቸውን ሳይጨርሱ ቁልፉን ተጫነ።

«አይደለም! አሥራ አራት ሺህ።»

ከዚያ ሽማግሌው «አሥራ አራት ሺህ» ብለው ደገሙ። ከኋላው እርሳሱ ወረቀት ላይ ተንሸራተተ። ሳሚያ በአፍንጫዋ ተነፈሰች፤ ምስጋና መሆኑ ነው።

የገዛ ድምፁ ግን ጆሮው ውስጥ ቀረ። አይደለም። ቀላል ነበር። አንድ ቃል ነበር። ሰማይ አልወደቀም፤ ሽማግሌውም አልተቀየሙም። ያንኑ ቃል በመተላለፊያው ላይ ማለት ነበረበት። ድንጋይ ተሸክሞ ገባ። ነገሪ ድንጋይ የሚሸከም ሰው አይደለም። በሦስት ዓመት ትዳር እንባውን ያየው ሰው የለም። የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ሰው ልብ ውስጥ የሚገባበትን በር። ዛሬ በሩ አባባ ናቸው። በሩን የከፈተው ግን…

ወደ ሳሚያ ዞረ።

«መምህር፣ ልውጣ።»

«ምን?»

«እህቴን ሊገድላት ነው።»

«ማን? የት?» አለች ሳሚያ። መልስ ሳትጠብቅም «ዓይንህን ከስክሪኑ አታንሳ!» ብላ ጮኸች።

ሁለት ነጥቦች ይቀራረቡ ነበር። ቶኩማ አያቸው። ኮምፒውተር የፈጠራቸው ናቸው፤ ያውቃል። ጥሏቸው ለመሄድ ግን እጁ እምቢ አለው። ቁልፉን ተጭኖ አንደኛውን ወደ ቀኝ እንዲታጠፍ፣ ሌላውን እንዲወጣ አዘዘ። ሽማግሌው መድገም ጀመሩ። ቀስ አሉ። ሳሉ። የመጀመሪያውን ጨረሱና ወደ ሁለተኛው ሄዱ። ቶኩማ ጥርሱን ነክሶ እስከ መጨረሻው ቃል አዳመጠ። ትክክል ነበር።

ማዳመጫውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ከተነሳህ ወድቀሃል» አለች ሳሚያ።

«አውቃለሁ።»

ከስልኮቹ መሐል የራሱን ፈልፍሎ ሲያወጣ፣ ጠረጴዛው ላይ ከተወው ማዳመጫ ውስጥ የአቶ ተስፋሚካኤል ድምፅ ትዕዛዝ እንዲሰጣቸው ይጠይቅ ነበር። ሳሚያ ጎንበስ ብላ ማዳመጫውን አነሳችው።

ደረጃውን እየዘለለ ደወለ። የደሚቱ ስልክ ይጠራል፤ አይነሳም። የአባባም ይጠራል፤ አይነሳም።

መንገዱ በሰው ተሞልቷል። ነጭ የለበሰው ሕዝብ ከልደታ ማርያም ደጅ እየፈሰሰ ታክሲዎቹን እንደ ግንድ አቁሟቸዋል። ቶኩማ ከመሐላቸው ገብቶ ሮጠ። አንዲት ሴት ትከሻው ገጭቷት የያዘችው ጧፍ ተበተነ።

«ሌባ!» አለ አንድ ሰው።

በዚህ ከተማ የሚሮጥ ወጣት ሌላ ስም የለውም። «ያዘው! ሌባ!» እያለ ድምፁ ከአፍ ወደ አፍ ቀደመው። የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ ዱላውን አግድሞ ጠበቀውና ጉልበቱን አለው። ቶኩማ በግንባሩ አስፋልቱ ላይ ወደቀ። አንዱ ጎኑን ረገጠው፤ አንዱ ሸሚዙን ያዘ።

«ምን ወሰድክ? አውጣ!»

«እህቴ…» አለ። ትንፋሽ አልነበረውም። ኪሱን ገልብጦ አሳያቸው። የያዘው ሰው ትንሽ ሲላላ ቶኩማ ሸሚዙን በሰውዬው እጅ ቀድዶ ትቶለት አመለጠ። ደም ከቅንድቡ ወርዶ ዓይኑ ውስጥ ገባ። በአንድ ዓይኑ ሮጠ።

አብነት ሲደርስ፣ ከብረታ ብረት ሠሪዎቹ ጋራዥ ጀርባ ወዳለው ግቢ ሳይገባ፣ ጩኸቱ ተቀበለው። ጎረቤቱ ሸምሲያ ናት። በግቢው መሐል ቆማ ዘነዘና ይዛ ትጮኻለች።

«የሰው ያለህ! ጨረሳት! ኧረ የወንድ ያለህ!»

የክፍሉ በር ተዘግቷል። አባባ ጃርሶ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል። ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወርዷል። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ባልና ሚስት ናቸው፤ ሽምግልና ላይ ነን» ይላሉ። «ብቻችንን እንነጋገር፣ እግሯ ላይ ልውደቅ አለኝ። እየተነጋገሩ ነው። ቶኩ፣ ልጄ፣ ተረጋጋ…»

ከበሩ ጀርባ ብረት ሥጋ ሲመታ ተሰማ። ድምፁ ደረቅ አይደለም፤ እርጥብ ነው። ሽማግሌውም ሰሙት። ዓይናቸው ፈጠጠ። እጃቸው ግን አልወረደም፤ ማመን ያቃተው ሰው የያዘውን አይለቅም።

«ከበሩ ይነሱልኝ!»

«ቶኩ…»

ቶኩማ በሁለት እጁ ገፈተራቸው። ያሳደጉትን ሰው ገፈተራቸው። ቆባቸው በአንድ ወገን፣ እሳቸው በሌላ ወገን ወደቁ። ግቢው ሁሉ እህ አለ። በሩን በትከሻው መታው፤ አልተበገረም። ደግሞ መታው። በሦስተኛው መቀርቀሪያው ተገነጠለ።

ደሚቱ አልጋው ሥር ገብታ ነበር። እግሮቿ ብቻ ውጪ ናቸው። ነገሪ አንዱን እግር በግራ እጁ ይዞ ይጎትታል፤ በቀኙ በያዘው የመኪና ማንሻ ክሪክ ብረት አልጋውን፣ ግድግዳውን፣ ጭንዋን፣ ያገኘውን ይመታል። አይጮህም። ጋራዥ ውስጥ ሥራ ላይ እንዳለ ሰው ተጠምዶ ነው። ወለሉ ላይ ደም አለ፤ የተጎተተ ደም።

ቶኩማ ጀርባው ላይ ተከመረበት። አንገቱን በክንዱ አነቀው፤ ጆሮውን ነከሰው። ነገሪ ወደ ኋላ ዘሎ ከግድግዳው ጋር አላተመው። የቶኩማ ትንፋሽ ተቆረጠ። ብረቱ ተነስቶ ሲመጣ አየው፤ ፊቱን አዞረ፤ ትከሻው ላይ አረፈና አጥንቱ ሲሰበር በጥርሱ ውስጥ ሰማው።

«አንተ ነህ ደግሞ ወንድሟ!» አለ ነገሪ፣ አሁን ገና አፉን ከፍቶ። «አንድ ላይ ነው የምቀብራችሁ።»

ብረቱን ዳግም አነሳ። ያኔ ሸምሲያ ገባች። ዘነዘናውን ከወገቧ ጀምራ አሽከርክራ ጉልበቱን ከኋላ አለችው። ነገሪ ተንበረከከ። ቶኩማ በደህናው እጁ ብረቱን ቀማው።

መታው። የት እንደመታው አላየም። ደግሞ መታው። ሰውዬው እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ሲጠቀለል እጁ ላይ መታው፤ ጣቶቹ ላይ፣ በተለይ ጣቶቹ ላይ። ሲመታ ከጉሮሮው የሚወጣው ድምፅ የራሱ መሆኑን አላወቀም። የጋራዡ ሰዎች ገብተው ክንዱን እስኪይዙት ድረስ አላቆመም። ሦስት ሆነው ነው ያስጣሉት። ነገሪ በጎኑ ተኝቶ በአፉ አረፋ ያወጣል። ይተነፍሳል። አንዱ የመኪና መጎተቻ ገመድ አምጥቶ አሰረው፤ ሌላው ፖሊስ ጠራ።

ደሚቱን ከአልጋው ሥር ሲያወጧት አልጮኸችም። ራሷ ከጆሮዋ በላይ ተተርትሯል። የጋራዡ ባለቤት ሁመድ ፒካፑን በጓሮ በር አስጠግቶ «ቶሎ፣ ቶሎ፣ ከኋላ ጫኗት» አለ። ሸምሲያ ጭንዋ ላይ አስተኛቻት። ቶኩማ የሸምሲያን ሻርፕ ጠቅልሎ ቁስሉ ላይ በመዳፉ ተጫነ። የተሰበረው ትከሻው እንደ ሌላ ሰው ዕቃ ተንጠልጥሏል።

መኪናው ሊነሳ ሲል አባባ ጃርሶ መጡ። ክርናቸው ተልጦ፣ ጋቢያቸው ጭቃ ለብሶ። ማንም ግቡ አላላቸውም። ራሳቸው የመኪናውን ጠርዝ ይዘው ተንጠላጠሉ፤ ሁመድም በመስታወት አይቶ ጠበቃቸው። ጥግ ላይ ተቀመጡ።

ወደ ልደታ ሲወጡ መንገዱ ተዘጋ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሕዝብ በመኪናው ግራና ቀኝ ያልፋል። ሁመድ ጥሩምባውን ይዞ አልለቀቀም። «በሽተኛ ነው! በሽተኛ!» እያለ በመስኮት ይጮኻል። ሰዎች ወደ ውስጥ እያዩ ያማትባሉ።

ደሚቱ የቀራትን ዓይን ከፈተች።

«የጠራኝ የአባባ ድምፅ ነበር» አለች። ቃሏ በተሰነጠቀ ከንፈር መሐል ይፈስሳል። «አባባ፣ እዚያ መሆኔን ማን ነገረዎት?»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ማንም አልነገረኝም፣ ልጄ። እኔው ገምቼ ነው። ቶኩማ የሚያውቀው ነገር የለም።»

ወደ ቶኩማ አላዩም። መንገዱን ነው የሚያዩት። ቶኩማ ዕድሜውን ሙሉ ከዚህ አፍ ሐሰት ሲወጣ ሰምቶ አያውቅም። ዛሬ ለእሱ ሲሉ ዋሹ፤ የገፈተራቸውን ልጅ በእርጅናቸው ጋረዱት። ዝም ቢል ነገሩ እዚያው ያልቃል። ሸምሲያ አታውቅም፤ ደሚቱ አትጠይቅም። ሰው ሁሉ ሽማግሌውን አምኖ ይኖራል።

መዳፉ ሥር ሻርፑ እየሞቀ ነበር።

«አይደለም» አለ። «ደውለውልኝ ነበር። ደህና ናት አልኳቸው። ይዤው ልምጣ ሲሉኝ ደግሞ እሺ አልኩ።»

አባባ ጃርሶ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

የደሚቱ ዓይን ቶኩማ ፊት ላይ ቆየ፤ አልጨፈነችውም፤ አላነሳችውም። ከዚያ ደህናው እጇ ከጎኗ ቀስ ብሎ ተነሳ። የወንድሟን መዳፍ ራሷ ላይ ፈልጎ አገኘው። ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቅቃ እጁን ወደ ጎን አደረገችውና ሻርፑን ራሷ ተጫነችው።

መንገዱ ትንሽ ተከፈተ። ፒካፑ ተንገጫግጮ ተነሳ። ቶኩማ በደም የራሰ መዳፉን አየር ላይ እንደዘረጋ ቀረ፤ የት እንደሚያሳርፈው አላወቀም።